ማሳሰቢያ፦ ጨረር ለጀመራችሁ የይፋት ሰዎችና ለአስታማሚዎቻችሁ

ከሸዋሮቢት ተነስቶ ለጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ደብረ ሲና ደርሶ የጣርማ በርን ዳገት ይወጣል፣ ዋሻውን ያልፋል፣ በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። በፌስታሉ ውስጥ ከካርዱና ከባዮፕሲ ውጤቱ ጋር በሃይላንድ የተሞላ አረንጓዴ ጭማቂ ቢገኝ አይገርምም። «ጨረሩ ደምህን እንዳያቃጥለው ጠዋት ጠዋት ፉት በል» ተብሎ ከአገር ቤት የተሰጠው ነው። የምናሳስበው ስለዚህ ሃይላንድ ነው።

ቅጠል ከጨረር ይጠብቃል የሚለው ወሬ ከባዶ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ2001 ሕንድ ውስጥ የታተመ ጥናት የኛው ሽፈራው ዘመድ የሆነውን የሕንዱን ሞሪንጋ በአይጦች ላይ ሞክሮ፣ ቅጠሉን ያገኙት አይጦች መቅኒ ውስጥ የተሰበረው ክሮሞዞም ካላገኙት ያነሰ መሆኑን አይቷል። የበሶብላ ዘመድ ከሆነው ቱልሲ የወጡ ኦሪየንቲንና ቪሴኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮችም በአይጥ ላይ ተመሳሳይ ውጤት አሳይተዋል። ነገሩን ቀረብ ብለን ስናየው ግን ሌላ ነው። የሞሪንጋው ቅጠል በድስት አልፈላም፤ ጭማቂው የወጣው በሜታኖል ነው፣ እሱ ደግሞ ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ስለሆነ ማንም ቤቱ ሊሞክረው አይገባም። አይጦቹም አልጠጡትም፤ በየክብደታቸው ተሰልቶ፣ በኪሎ 150 ሚሊ ግራም፣ ጨረሩ ሊያርፍባቸው 1 ሰዓት ያህል ሲቀረው ሆዳቸው ላይ በመርፌ ተወጉ። ከሁሉ በላይ እነዚያ አይጦች የሚታከም ካንሰር አልነበረባቸውም።

እናንተ ግን ወደ ጨረር የምትሄዱት ለዚሁ ካንሰር ነው። ጨረሩ በሴል ውስጥ ያለውን ውኃ ሲመታ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኃይለኛ ስብርባሪዎች ይፈጠሩና ዲኤንኤውን ይቆርጣሉ፤ ሴሉ ቁራጮቹን ሲገጣጥም ይሳሳታል፣ ክሮሞዞሙ የማይሆን ቅርጽ ይይዛል፣ መባዛት ያቅተዋል፣ ይሞታል። የካንሰሩ ሴል የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ ጭማቂው እንደተባለው ክሮሞዞምን ከጨረር የሚጠብቅ ከሆነ፣ የካንሰሩን ክሮሞዞም ትቶ የጤነኛውን ብቻ እንደሚጠብቅ ማን ዋስ ሆነ? የማይጠብቅ ከሆነ ደግሞ ለምን ይጠጣል? ጨረሩ ካለፈ በኋላ የሚጠጣው ቅጠል ደግሞ ክፉኛ የዘገየ ነው፤ ቆረጣው ያኔውኑ አልቋል።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። ካናዳ ውስጥ የራስና የአንገት ካንሰር ይዟቸው ጨረር የሚወስዱ 540 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ ቫይታሚን ኢና ቤታ ካሮቲን ተሰጣቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። ቫይታሚን የወሰዱት የጨረሩ ሕመም ቀለል አለላቸው፤ ነገር ግን በሚወስዱበት ጊዜ ሌላ አዲስ ካንሰር የወጣባቸው በዙ፣ የታከመውም ተመልሶ የመምጣት አዝማሚያ አሳየ። ቫይታሚን እንዲህ ካደረገ፣ መጠኑ ያልታወቀ የሃይላንድ ጭማቂ አያደርግም ብሎ መማል ይከብዳል።

ሁለተኛው ማሳሰቢያ ስለ ጤና አዳም ነው። ቡና ላይ ጣል የምትደረገው ቅንጣቢ ምንም አይደለችም። የምንለው ጨረር ያረፈበትን፣ የጠቆረና የሚያሳክክ ቆዳ ይፈውሳል ተብሎ ስለሚቀባው ጭማቂ ነው። ጤና አዳም ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ፀሐይ ሲነካቸው የዲኤንኤን ሁለት ገመዶች እርስ በርስ ያጣብቃሉ፤ የተቀባው ሰው በሸዋሮቢት ፀሐይ ከወጣ በአንድ ሁለት ቀን ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ጠባሳውም ለሳምንታት ጠቁሮ ይቆያል። ቆዳ ይፈውሳል የተባለው ቅጠል ራሱ ቆዳና ዲኤንኤ ጎጂ ሆነ ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ደግሞ ጭማቂውን ልትጠጣ አይገባም፤ ፅንስ ያስወርዳል።

«ቅጠል ምን ይጎዳል» ለሚል፣ ጓያ ስንት ጎበዝ ከወገቡ በታች ሽባ እንዳደረገ ሸዋ ውስጥ የማያውቅ የለም። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሆድ እያሳበጠ ብዙ ሰው የገደለው የጉበት በሽታም ተመርምሮ የተገኘው መንስኤ ከእህል ጋር የተቀላቀለ አረም ነው። ጨረር ከኬሞ ጋር አብሮ የሚሰጣቸው ሰዎች ጉበትና ኩላሊታቸው አስቀድሞ ሥራ በዝቶበታል፤ አትጨምሩበት።

ጨረር ሳይጀምሩ ለአንድ የደረት ራጅ ብለው የሚጠጡም አሉ። ሰው ከምድርና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊ ሲቨርት የተፈጥሮ ጨረር ያገኛል፤ የደረት ራጅ 0.1 ቢደርስ ነው። ጣርማ በር አናት ላይ የሚኖረው ደገኛ ከቆላው ሰው የበለጠ የጠፈር ጨረር ያገኛል፤ ለዚህ ብሎ ቅጠል ሲወቅጥ ግን አላየንም። የስልክ ማማ ጨረርም ክሮሞዞም የሚሰብር ጉልበት የለውም።

በሕክምና የሚታወቅ ከጨረር የሚጠብቅ መድኃኒት አለ፤ አሚፎስቲን ይባላል። የአሜሪካ ጦር በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ውህዶችን ፈትሾ ያገኘው ነው። በደም ሥር ይሰጣል፣ ያስመልሳል፣ የደም ግፊትን ያወርዳል፤ ስለዚህም ሐኪም አጠገቡ ቆሞ ለተመረጠ ሰው ብቻ ያዘዋል።

ስለዚህ እንለምናችኋለን። ጨረር የሚያርፍበትን ቆዳ ለብ ባለ ውኃ በቀስታ ታጠቡ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ልበሱ፣ ከፀሐይ ከልሉት፤ ቅቤም ቅጠልም አታስነኩት፤ ባለሙያው በቀለም ያሰመረውን ምልክት ፍቃችሁ አታጥፉ። በሶብላው፣ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙዱ በወጥ ውስጥ እንደ ምግብ ይበላ። ከዚያ ያለፈ፣ ተወቅጦም ሆነ ተጨምቆ የሚወሰድ ነገር ካለ ለሐኪማችሁ ተናገሩ፤ ስሙ ከጠፋችሁ ቅጠሉን ራሱን በወረቀት ጠቅልላችሁ አሳዩት። ይቆጣኛል ብላችሁ አትደብቁ። ቀጠሮ የሚያስቀር የቅጠል ኮርስ ከታዘዘላችሁ ደግሞ ቅጠሉን ተዉት እንጂ ቀጠሮውን አትተዉ።