ስልሳ እጥፍ ምን ሊያሳየን?

«ከስልሳ በታች የሚያጎላ ስኮፕ የልጅ መጫወቻ ነው። ስልሳ ግዛና ተገላገል!»

ይህን ምክር የለገሰውን ሰው በስሙ አልጠራውም። ጋሼ ስልሳ እንበለው፤ ቁጥሯን እንዲያ ከወደዳት የሚከፋው አይመስለኝም። ምክሩን የተቀበለው ደግሞ አርሲ ውስጥ ለአደን እንግዶች የደጋ አጋዘን እየፈለገ የሚኖር፣ ብር ቋጥሮ የመጀመሪያውን ስኮፕ፣ ማለትም በአንድ ዓይን የሚታይበትን የሩቅ ማጉያ፣ ሊገዛ የተነሳ ወጣት ነው። ጋሼ ስልሳ ዱባይ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር የአንድ ዕቃ ሊቅ ሆኖ ይመጣል። ባለፈው ጄኔሬተር ነበር፤ ዘንድሮ ተራው የመነጽር ሆነ። እሱ ይናገር፣ ልማዱ ነው። ጫካ ውለው የሚያድሩት ሰዎች ግን ምን ነክቷቸው ነው «ልክ ነህ ጋሼ» እያሉ አብረው ያጨበጨቡት?

ይህ የቁጥር ፍቅር ከየት እንደመጣብን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሳምሰንግ ጀርባው ላይ «100 ኤክስ» የተጻፈበት ስልክ አወጣ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ጨረቃን ከሰገነቱ ላይ ፎቶ ያላነሳ ሰው ያለ አይመስልም። በስልክ መቶ ከተቻለ፣ እግር ባለው ትልቅ ስኮፕ ስልሳ ምን ያንሳል? ሻጩም ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ርካሹ ስኮፕ ሁሉ ሆዱ ላይ «20-60×60» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተለጥፎበት የሚመጣው። ገዢው መሐል ላይ ያለችውን ስልሳ ያያል። መጨረሻ ላይ ያለችው ስልሳ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር መሆኗን፣ ጉዳዩም ያለው እሷ ላይ መሆኑን የሚነግረው የለም።

እኔ ጋሼ ስልሳን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስልሳ እጥፍ በስንት ሰዓት ነው የሚሠራው?

የደጋ አጋዘን ከአስታው ቁጥቋጦና ከኮሶው ጫካ ወደ ሜዳው የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ቀኑን ጥላ ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል። ያን የሚያህል ወይፈን የሚመስል እንስሳ እስከ 1908 እ.ኤ.አ. ከሳይንስ ዓይን ተሰውሮ የኖረው በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ፤ መደበቅ ያውቅበታል። ስለዚህ ፈላጊው ሥራውን የሚሠራው ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። በጠዋቱ መጀመሪያና በማታው መጨረሻ ብርሃኑ ወይ ገና እየመጣ ነው፣ ወይ እየሄደ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ ማካፈል ብቻ ነው። የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉያው ስታካፍለው ወደ ዓይንህ የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛለህ። 60 ሚሊ ሜትር ለ20 ሲካፈል 3 ሚሊ ሜትር። ለ60 ሲካፈል 1 ሚሊ ሜትር። የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በዚያ ድንግዝግዝ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይከፈታል። ልጁ ብሌኑን ከፍቶ ብርሃን ሲለምን ጋሼ ስልሳ በመርፌ ቀዳዳ የምታህል ጠብታ ያቀብለዋል። ከ3 ወደ 1 መውረድ ደግሞ በብርሃን ሲለካ ሦስት እጥፍ ማነስ አይደለም፤ በስፋቱ ካሬ ነውና ዘጠኝ እጥፍ ነው። በሃያ የታየው አጋዘን በስልሳ የጨለማ ጉብታ ይሆናል። ጉቶ ይሁን ኮርማ የሚለየው ሲራመድ ብቻ ነው።

እሺ፣ ጠዋቱ ይለፈው። ፀሐይ ወጥታ ብርሃኑ ሲትረፈረፍስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው። በእኛ ደጋ፣ በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሌሊት የቀዘቀዘ መሬት የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት አየሩ ወዲያው መርገብገብ ይጀምራል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ በሸለቆው ማዶ ያለውን ገደል በሃያ እጥፍ እያየህ ቀስ ብለህ ወደ ስልሳ አዙረው፤ ድንጋዩ ሲፈላ ታያለህ። መስታወቱ የአየሩንም ነውጥ አብሮ ያጎላዋልና ከኦስትሪያው ስዋሮቭስኪ ቢመጣ እንኳ ይህን የሚያድን ሌንስ የለም። የሣር ጫፍ ይዋኛል፣ ቀንድ እንደ ጭስ ይታጠፋል። ሲመሽ ደግሞ አየሩ ይረጋጋና ብርሃኑ ይሄዳል። እንግዲህ ስልሳ ጠዋት ይጨልማል፣ ቀን ይፈላል፣ ማታ ተመልሶ ይጨልማል። በመሐል የቀረችው ጥቂት ጊዜ ደመና የሸፈነው፣ ነፋስ የሌለበት፣ እንስሳውም ደግነት ተሰምቶት ሜዳ ላይ የቆመበት ቀን ናት። ልጁ ለዚህች ቀን ነው የዓመት ቁጠባውን የሚያፈሰው?

ነፋስ ካልኩ አይቀር፣ የጋሼ ምክር ውስጥ ስለ መቆሚያው አንዲት ቃል አልነበረችም። ስለ ትራይፖድ ሳያወሩ ስኮፕ መምከር የእግር ልክ ሳይጠይቁ ጫማ እንደመግዛት ነው። ከርካሾቹ ጋር በስጦታ የሚመጣው የአንድ ስንዝር መቆሚያ ለጠረጴዛ እንጂ ለባሌው የሰነቴ አምባ ነፋስ አልተሠራም። በስልሳ እጥፍ የጣት ንክኪ የመሬት መንቀጥቀጥ ይሆናል። ዕይታውም ከሃያው ወደ ግማሽ ያህል ይጠባል። አጋዘኗን ፈልጎ ዓይን ውስጥ እስኪያስገባት ድረስ እሷ ጥድ ውስጥ ገብታለች።

«ቀንዱን ለመለየት ያስፈልጋል» አሉ አጨብጫቢዎቹ። ይህችን ክርክር በጣም እወዳታለሁ፤ ከአፋቸው ስትወጣ በጣም ባለሙያ ታስመስላለች። በሕጋዊ አደን የሚፈለገው ያረጀ ኮርማ ነው፤ ሴቷ ቀንድ የላትም፣ ወጣቱ አይነካም፤ ስለዚህ የቀንዱን ርዝመት፣ ጥምዝምዙን፣ ጫፉ መሰበር አለመሰበሩን ማየት ግድ ነው። ይህንን ማንም አልካደም። ግን ቀንድ የሚለየው በጥራት ነው፤ ጫፉና ሰማዩ የሚገናኙበት መስመር ቁርጥ ብሎ ሲታይ። በርካሽ መስታወት ስልሳ ላይ ያ መስመር ወይን ጠጅና ቢጫ ጥላ ይለብስና ሦስት ጣት የሚያህል ቀንድ ይጨምራል። ይህን አይቶ «ትልቅ ነው» ብሎ ለእንግዳው የነገረ ልጅ፣ እንስሳው ከወደቀ በኋላ ወጣት ሆኖ ሲገኝ የሚጠየቀው እሱ ነው። ጋሼ ስልሳ ያን ጊዜ ዱባይ ነው፤ ስለ አዲስ ዕቃ ያወራል።

ሠሪዎቹ ራሳቸው ምን እንደሚያደርጉ ማየት ይበቃ ነበር። ኮዋ 50 ሚሊ ሜትሩን ትንሽ ስኮፕ 40 ላይ ያቆመዋል። ቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤችዲ በተባለው መስመሩ 65 ሚሊ ሜትሩን በ48 ይገታና 60ን ለ85 ሚሊ ሜትሩ ይተዋል። ሰዎቹ ከዚያ በላይ ማጉላት አቅቷቸው ነው? «ስዋሮቭስኪ እኮ በ65ም ስልሳ ይሰጣል» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ይሰጣል። የስዋሮቭስኪን ዋጋ ለልጁ የሚከፍልለት ከሆነ ጋሼ ስልሳ በይፋ ይናገር፤ እኔም ይህን ጽሑፍ እቀድደዋለሁ።

ታዲያ ልጁ ምን ይግዛ? መጀመሪያ ደኅና ባለ ሁለት ዓይን መነጽር፣ 8×42 ወይም 10×42፤ እንስሳ የሚገኘው በእሱ ነው፤ ስኮፕ የተገኘውን ለማጣራት ብቻ ነው። ከዚያ መስታወቱ ጥሩ የሆነ፣ ዳገት ላይ የማይከብድ፣ ከ50 እስከ 65 ሚሊ ሜትር ያለው ስኮፕ። ማጉያው ከ15 ጀምሮ 45 ላይ ቢያልቅ ምንም አያጎድልበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 አያልፍም። የተረፈው ብር በሙሉ ወደ ትራይፖዱ ይሂድ።

አሁንም «ስልሳ ግድ ነው» የሚል ካለ ክርክሩን አላራዝምም። ባሌ ውስጥ ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ ሜዳ አለ፤ ፓርክ ስለሆነ አደን የለበትም፣ አጋዘን ግን ሞልቷል። ጋሼ ስልሳ «20-60×60»ውን ከነስጦታ መቆሚያው ይዞ፣ በእግሩ ይምጣና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማዶ ጫካ ዳር የቆመው ኮርማ ቀንዱ ስንት ዙር እንደተጠመዘዘ በስልሳው አይቶ ይንገረን። ቡናውን እኔ እችላለሁ።