ስንት ዘነበ ወይስ እንዴት ዘነበ?

የአገራችን ገበሬ ዝናብን ሁሉ በአንድ ስም አይጠራም። ካፊያ ይላል፤ ዶፍ ይላል፤ ነፋስ እያዳፋ የሚያመጣውን ደግሞ ወጨፎ ይለዋል። በሪፖርት ላይ ግን ይህ ሁሉ ይደመርና «ዓመታዊ የዝናብ መጠን» የሚባል አንድ ቁጥር ይሆናል። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ዝናብ መጻፋችን የሚያስቃቸው ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ቋንቋው የለየውን ቁጥሩ ሲደባልቀው ዝም ልንል አይገባም፤ ጉዳቱ የቃል ብቻ አይደለምና።

የመተማን የዕጣን ዛፍ ጫካ እንውሰድ። ይህ ጫካ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ክረምት ሲገባ መልሶ ይለብሳል። በዛፉ ላይ የወረደው ዝናብ ሁሉ መሬት አይደርስም፤ ከፊሉ በቅጠሉና በቅርንጫፉ ላይ ቀርቶ ይተናል። የሚቀረውን የሚወስነው የዝናቡ ድምር ብቻ ሳይሆን አወራረዱ ነው።

ለስሌት ያህል፥ ቅጠሉና ቅርንጫፉ 1 ሚሊሜትር ውሃ የሚይዝ ጫካ እናስብ፤ እየዘነበ ሳለ የሚተነውን እንተወው። 40 ሚሊሜትር በአንድ ዶፍ ቢወርድ 39ኙ መሬት ይደርሳል። ያው 40 ሚሊሜትር ባለ 2 ሚሊሜትር 20 ካፊያ ሆኖ ቢመጣ፥ በየመካከሉም ፀሐይ ቅጠሉን ብታደርቀው፥ መሬት የሚደርሰው 20 ብቻ ነው። በመዝገብ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ለሥሩ ግን አንዱ የሌላው ግማሽ ያህል ነው።

«እንግዲያው ዛፍ ዝናብ የሚሻማን ከሆነ ይቆረጣ!» የሚል አይጠፋም። ባዶ መሬት ላይ የወረደ ዶፍ ግን መሬት ውስጥ ገባ ማለት አይደለም፤ አፈሩን ይዞ ወደ ወንዝ ይሮጣል። ከዛፍ ሥር የረገፈው ቅጠል ውሃውን እያዘገመ ያሰርገዋል፤ ጥላውም እርጥበቱን ያቆያል። ዛፉ ቀረጥ ቢወስድም የቀረውን ይጠብቅልናል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። መትከሉን አንነቅፍም። ይሁን እንጂ ችግኝ የሚጠጣው በመዝገብ የተጻፈውን ሳይሆን ሥሩ ዘንድ የደረሰውን ነው። የደረቀ ችግኝ ሲገኝ «ዝናቡ እኮ በቂ ነበር» ተብሎ ጥፋቱ በገበሬው ላይ እንዳይላከክ እንፈልጋለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ የዝናብ ሪፖርት ከድምሩ ጋር ስንት ቀን እንደዘነበና በየቀኑ ስንት እንደወረደ ይንገረን። ሁለተኛ፥ በክረምት ዕረፍት አገር ቤት የምንገባ ሁሉ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ አንዱን ሜዳ ላይ፥ ብዙዎቹን ከዛፍ ሥር እናስቀምጥ፤ ጠብታው በየቦታው ይለያያልና። ዝናቡ ሲያባራ በማስመሪያ እንለካ። ከዚያም አባቶቻችንን «ይህ ምን ዓይነት ዝናብ ነበር?» ብለን እንጠይቅ፤ ቁጥሩንና ስሙንም በአንድ ደብተር ላይ ጎን ለጎን እንጻፍ።