አጥሩን ከመከርከማችሁ በፊት

ይህ ዕትም እጃችሁ ሲገባ ጳጉሜን ደጅ ላይ ናት። መጋረጃ ይታጠባል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ ሰው ተፈልጎ ሣሩ ይታጨዳል፣ አጥሩ ይከረከማል። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ስለ መጨረሻው ነው፤ አምና በእሱ ምክንያት ከልጄ ጋር ተኳርፈን ነበርና።

እናቴ የምትኖረው ሆለታ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግቢው ሰፊ ነው። ከፊት ጽጌረዳና ራስ ክምር፣ ከጓሮ ጎመንና ድንች፣ ዙሪያውን ደግሞ አባቴ በሕይወት ሳለ የተከለው የኮሽም አጥር አለ። አምና ለበዓል ስንሄድ አጥሩ አድጎ፣ ተንጨባሮ አገኘሁት። እማዬ «ልጄ፣ አሁን ተይው» ብትለኝም «እንግዳ ይመጣል» ብዬ አንድ ወጣት ጠርቼ ከላይ እስከ ታች አስከረከምኩት። ቅርንጫፉን ሰብስበን ስናወጣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አነሣች። ከሣር የተሸመነ ጎጆ ነው። ውስጡ ላባ ያላወጡ ሁለት ጫጩቶች ነበሩ። አንዱ ሞቷል። ሌላውን በጥጥ ጠቅልላ አደረች፤ ሳይነጋ እሱም ሞተ። የእንቁጣጣሽ ዕለት አበባ ይዛ ስትዞር ለሁሉም ሰጥታ እኔን ዘለለችኝ።

እውነት ለመናገር፣ አጥር ውስጥ ጎጆ ሊኖር እንደሚችል ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። አስቡት ግን፤ ዝናቡ ሣሩን ያሳድጋል፣ ትሉና ነፍሳቱ ይበዛሉ፣ ለጫጩት የሚሆን ምግብ እንደዚህ ጊዜ የሚገኝበት ወቅት የለም። ብዙ ወፎች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት እኛ መቀስ ይዘን በምንወጣበት ሰሞን ነው።

ዘንድሮ አልነካነውም። ከሐምሌ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ስንሄድ ልጄ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ በረንዳው ትሮጣለች። አያቷ ዓይኗ ደክሟል፤ ጎጆው ከተቀመጠችበት አይታያትም። ጆሮዋ ግን ደኅና ነው። «መጣ፣ ሰማሽው?» ትላለች እናቴ። «አዎ፣ ሣር ይዟል» ትላለች ልጄ። አንዷ ሰምታ ሌላዋ አይታ፣ ሁለቱ አንድ ወፍ ይጠብቃሉ። ሻዩ ይቀዘቅዛል።

ወፉ ቢጫ ነው፤ ፊቱ ላይ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ ይመስላል። እኛ ቤት ሸማኔው እንለዋለን። የሚሸምነው ወንዱ ነው። ረዥም ሣር ላይ ያርፍና ጠርዙን በመንቆሩ ይነክሳል፤ ነክሶ እንደያዘ ሲበር ሣሩ እንደ ክር ተሰንጥቆ ይከተለዋል። ያን ክር ቅርንጫፍ ላይ ያስርና መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል። ከዚያ ቀለበቱ ላይ ቆሞ መንቆሩ እስከደረሰበት ድረስ እየሸመነ ይዘጋዋል። ሲያልቅ ሴቷ ትመጣለች፣ ገብታ ታያለች። ከወደደችው ለስላሳ ሣርና ላባ አምጥታ ውስጡን ታነጥፋለች። ከዚሁ ቤተሰብ አንዳንዶቹ ሴቷ ካልወደደችላቸው የገዛ ጎጆአቸውን አፍርሰው እንደገና ይሠራሉ። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ስለ ወጥ ቤታችን ቁም ሣጥን የማወራ መስሎት ወዲያው ተነሥቶ ወጣ።

ራስ ክምሩ ላይ ደግሞ ሌላ እንግዳ አለን። ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ የሚያብረቀርቅ፣ ጅራቱ ረዥም፣ መንቆሩ ቆልመም ያለ፣ የአበባ ወለላ የሚመጥ ወፍ። በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ ተከዜ የሚል ቃል አለ፤ የእኛው ወንዝ ነው። የእሱ ዓይነቶቹ ወፎች ጎጆ እንደ ትንሽ ከረጢት የተንጠለጠለ ነው፤ በሩ በጎኑ ነው፣ የሚያያይዘውም የሸረሪት ድር ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ድር እንደልባችሁ ጥረጉ፤ ቁጥቋጦው ላይ ያለውን ግን ተዉላቸው።

ሌላው አደይ አበባ ነው። የምናውቀው አደይ በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘር ጥሎ በዚያው ዓመት የሚደርቅ ነው። ለጉዝጓዝ ብላችሁ ከግቢያችሁ ጥግ ሙሉ በሙሉ ካጨዳችሁት ለከርሞ የሚበቅል ዘር አይወድቅም። እኔ ራሴ «ዘንድሮ አደዩ ለምን ጠፋ?» ብዬ ዝናቡን ስወቅስ ኖሬአለሁ። ለቡና ሥነ ሥርዓቱና ለደመራው የሚበቃችሁን ቁረጡ፣ አንድ ጥግ ግን ደርቆ እስኪረግፍ ይቆይ። ሲደርቅ አያምርም፤ እንግዳ «ግቢያችሁን ዳዋ ዋጠው» ይላችሁ ይሆናል። ይበል።

ልጆች ካሏችሁ ጎጆ ማሳየት እንደ መልካም ነገር የለም፤ ግን ከርቀት ነው። ቅርንጫፉን ጎትቶ ውስጡን ማየት፣ በስልክ መብራት ማብራት ወላጆቹን ያስደነግጣል፤ ለድመቷም መንገዱን ያሳያታል። ላባ ያላወጣ ጫጩት ወድቆ ካገኛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎጆው መልሱት። ሰው ከነካው እናቱ ትተወዋለች የሚባለው ልማድ ብዙም እውነት የለውም። ላባ አውጥቶ መሬት ላይ እየዘለለ ከሆነ ደግሞ መብረር እየተማረ ነውና አታንሡት፤ ድመቷን ቤት ዘግታችሁ ራቅ በሉ፣ ወላጆቹ እዚያው ይመግቡታል። አምና ይህን ባውቅ ኖሮ ያ ጥጥ ውስጥ ያደረው ጫጩት ምናልባት ሌላ ዕድል ያገኝ ነበር።

ከዕንቁላል እስከ መብረር አንድ ወር ገደማ ነው የሚፈጀው። አንዳንዶቹ ግን ደግመው ይጥላሉ። ስለዚህ የእኛ አጥር ለመስቀልም አይከረከምም። ይህ ወቅት ጸደይ ይባል ወይስ መፀው የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ እናቴ የምትቆጥረው በጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5። ልጄ ጎጆ ያለበትን ቦታ ሁሉ ከአጥሩ ወዲህ ባለው እንጨት ላይ ቀይ ክር አስራ ምልክት አድርጋለች። እስካሁን አራት ክር ታስሯል።

ባለፈው ሳምንት ያ አምና የከረከመልን ወጣት ለእናቴ ደወለ። «እማማ፣ ለበዓሉ መቼ ልምጣ?» አላት።

«ጽጌ ይውጣና ደውል» አለችው።