የሶፍት ወረቀት ገቢ ንግድና የንጽጽሩ ሚዛን

ሶፍት ወረቀት ከገበታ፣ ከመኪናና ከሕክምና ክፍል የማይለይ፣ ዋጋው ካልናረ በቀር ማንም ልብ የማይለው ሸቀጥ ነው። ሆኖም የገቢ ንግድ አኃዝ በወጣ ቁጥር ሳዑዲ ዓረቢያ ከአካባቢው አገሮች ጋር ትነጻጸራለች፤ ብዙ ማስገባት እንደ ድክመት፣ ጥቂት ማስገባትም እንደ ብርታት ይቆጠራል። ከዚህም ቀረጥ ይጨመር ወይም ይቀነስ የሚል ጥያቄ ይከተላል። በእኛ እምነት አንድ ድምር ብቻውን ለእንዲህ ያለ ፍርድ አይበቃም።

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ሶፍት በሁለት አንቀጾች ይመዘገባል። ስፋቱ ከ36 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው፣ ገና ያልተቆራረጠው ትልቅ ጥቅል በቁጥር 4803 ሥር ይገባል። ተቆርጦና ታሽጎ ለቤት አገልግሎት የተዘጋጀው ደግሞ በ4818 ይመደባል። የመጀመሪያውን የምታስገባ አገር የመቁረጡን፣ የማጠፉንና የማሸጉን ሥራ ለራሷ ሠራተኞች ታስቀራለች፤ ሁለተኛውን የምታስገባ ግን የሥራውን ዋጋ ጭምር ለውጭ ትከፍላለች። ስለዚህ እኩል ገንዘብ ያወጡ ሁለት አገሮች በኢንዱስትሪ ረገድ እኩል ናቸው ማለት አይቻልም።

ሳዑዲ ዓረቢያ የራሷ ማምረቻዎች አሏት፤ በደማም የሚገኘው የሳዑዲ ወረቀት ማምረቻ ኩባንያ ከእነዚህ አንዱ ነው። ዮርዳኖስም እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተውና በአካባቢው ሁሉ የታወቀው ፋይን የተሰኘው ድርጅት መነሻ ናት። ነገር ግን የዓረብ ምድር ለወረቀት የሚሆን ሰፊ ደን የለውም። ፋብሪካዎቹ በጥቅም ላይ የዋለ ወረቀት መልሰው ካልተጠቀሙ በቀር ፐልፑን እንደ ብራዚል ካሉ ሩቅ አገሮች ማስመጣት ግድ ይሆንባቸዋል። እንግዲህ የሶፍት ገቢ ሲቀንስ የፐልፕ ገቢ ጨምሮ ከሆነ፣ ጥገኝነቱ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ከአካባቢው ጋር ሲነጻጸርም ጥንቃቄ ያሻል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የጀበል ዓሊ ወደብ ከሚራገፈው ሸቀጥ ብዙው ተመልሶ ወደ ሌሎች አገሮች ይላካል፤ ይህን ሳይቀንሱ የሕዝቡን ፍጆታ ማስላት ያሳስታል። ግብፅ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፤ የሳዑዲ ዓረቢያ የ2022 ቆጠራ ደግሞ 32.2 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ መዝግቧል። በዚህ ላይ እንግዶች አሉ፤ በ2024 ከውጭ አገር መጥተው ሐጅ ያደረጉት ብቻ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ፍጆታቸው በአገሪቱ መዝገብ ይገባል፤ እነርሱ ግን በሕዝብ ቆጠራው የሉም።

ሶፍት ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ዕቃ በመሆኑ የማጓጓዣ ዋጋ ይከብደዋል። በ2023 መጨረሻ በቀይ ባሕር መርከቦች መጠቃት ሲጀምሩ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን ዞረው ለመሄድ ተገደዱ። የባሕር መንገድ ሲረዝም የሚጎዳው ያለቀለት ሶፍት ብቻ አይደለም፤ ፐልፕ የሚጠብቀው ፋብሪካም ይጎዳል።

ቀረጥ ብቻውን መድኃኒት የማይሆነውም ለዚህ ነው። የባሕረ ሰላጤው የትብብር ምክር ቤት አገሮች ከ2003 ጀምሮ የጋራ የጉምሩክ ሥርዓት አላቸው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2021 በነፃ የንግድ ቀጠናዎች የተመረቱ ሸቀጦችን ከልዩ መብቱ ማውጣቷ ግን በጎረቤታሞች መካከልም ፉክክር መኖሩን አሳይቷል። ቀረጥ ሲጨመር ፋብሪካው ፋታ ያገኝ ይሆናል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚከፍለው ሸማች ነው። ከደመወዙ ቆጥቦ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ስደተኛ ሠራተኛም ከዚሁ ሸማች ወገን ነው።

ስለሆነም የሚመለከታቸው ባለሥልጣናት ጥቅሉን፣ ያለቀለትን ምርትና ፐልፑን ለየብቻ፣ ተመልሶ የተላከውን ቀንሰው፣ ለነፍስ ወከፍ አካፍለው ለሕዝብ ቢያቀርቡ መልካም ነው። የቀረጥ ውሳኔም ከዚያ በኋላ ይምጣ። ጎረቤታሞቹ አገሮች ፐልፕ በጋራ ቢገዙና ያገለገለ ወረቀት በሥርዓት ቢሰበስቡ፣ ማን ብዙ አስገባ ከሚለው ክርክር ይልቅ ለሁሉም ይጠቅማል። ትክክለኛው መለኪያ መንገድ በተዘጋ ጊዜ የአንድ ቤት ፍላጎት በተመጣጣኝ ዋጋ መሟላቱ ነው።