«በሕግ አምላክ» ሲባል የሚቆም ሰው

ፍትሕ የምትወደደው ስለ ራስዋ ነው ወይስ ስለምታስገኘው ጥቅም? በግሪካዊው ፈላስፋ በአፍላጦን መጽሐፍ ግላውኮን የተባለው ጎልማሳ፣ ሰው ከዓይን የሚሰውር ቀለበት ቢያገኝ ከግፍ የሚታቀብ አይገኝም የሚለውን ነገር ለክርክር አቅርቦታል።

አበው ግን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። በቅሎን የሚያህል ሀብት በዳኛ ቃል አጥቶ ተጽናንቶ የሚኖር፣ እፍኝ የምታህል ጭብጦ ግን በጉልበት ብትነጠቅበት ዕድሜውን ሙሉ የሚቆጭ ሰው የጥቅምን ስሌት አያሰላም። ተጠራጣሪው ጭብጦዋም የራሱ ናት ቢል እንኳ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አለኝ፤ እርሱም መንገደኛው ነው። በቀድሞው ሥርዓት ሁለት ባላጋሮች «በሕግ አምላክ» ብለው ሲያስቆሙት፣ ከነገሩ አንዲት ስንዝር መሬት የማያተርፈው አላፊ አግዳሚ ጉዞውን አቋርጦ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ የሁለቱንም ቃል ሰምቶ ይዳኝ ነበር። ግላውኮን ይህን ሰው አላሰበውም።

በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ በተነሣ ጊዜ የሚሟገተው ለገዛ ርስቱ ነበርና፣ ጥቅምና ፍትሕ በአንድ ልብ ተቀላቅለው እንደ ነበር አልክድም፤ በዚህም አልነቅፈውም። የሚያሳስበኝ የእኛው ነገር ነው። በሹም አቦና በባሕር ዳር ሌሎች ሰፈሮች የምንኖር ሰዎች፣ በእኛና በዘመዶቻችን ላይ ግፍ ሲደርስ ፍትሕ ያለህ ብለን እንጮኻለን፤ ነገር ግን ከደንገል ታንኳ እየሠሩ ጣናን ለዘመናት የቀዘፉት፣ የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ከማዕድና ከጋብቻ የተገለሉት ነገደ ወይጦዎች፣ ከተማዪቱ በሰፋች ቁጥር ከሐይቁ ዳርቻ ሲገፉ አብዛኞቻችን ዝም ብለናል። የተወሰደው መሬት የእኛ አልነበረምና።

ለእነርሱ መናገር ለእኛ የሚያተርፍልን ነገር የለም፤ ምናልባትም የሆቴልና የመናፈሻ ቦታ የሚሹትን ባለጸጎች ያስቀይመናል። ስለዚህም የሐይቁ ዳርቻ መሬት ጉዳይ በሚመከርበት ጉባኤ ሁሉ የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ተጠርተው ቃላቸው እንዲሰማ፣ ከስፍራቸው የሚነሡም ቢሆኑ ታንኳቸው ከውኃው ሳይርቅ ተመጣጣኝ ምትክ እንዲያገኙ፣ ከጉዳዩ ምንም ድርሻ የሌለን እኛ ቀድመን ቆመን እንድንጠይቅ አሳስባለሁ።