ሒሳቡን የሚያስመረምር ነጋዴ የደም ግፊቱንም ያስለካ

የንግድ ሰው ዋናው ጠባዩ ቁጥርን ማክበሩ ነው። ዕቃውን በዐይን ግምት ሳይሆን በሚዛን ይረከባል፤ ትርፉን በደስታው መጠን ሳይሆን ከመዝገቡ ያውቃል፤ የሒሳቡ ዓመት ሲፈጸምም መጋዘኑን ቈጥሮ፣ የሚከፍለውንና የሚሰበስበውን አስተያይቶ ይዘጋል። ይሁን እንጂ ይኸው ጠንቃቃ ሰው የገዛ አካሉን ነገር «ምንም አይሰማኝም» በማለት ብቻ ዓመታትን ሲያሳልፈው እናያለን። የደም ብዛት ግን በስሜት የሚታወቅ ሕመም አይደለም። እንደ ሒሳብ ሁሉ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ስለሆነ፣ መለካቱ በንግድ ቤቶቻችን የዓመት ሥራ ውስጥ ሊገባ ይገባል እንላለን።

ስሙ ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሕመሙ የደሙ መጠን መብዛት ሳይሆን ደም በሥሮች ውስጥ ሲመላለስ በሥሮቹ ግድግዳ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ከልክ ማለፉ ነው። በተለያዩ ቀኖች ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140፣ ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ ሐኪሞች የደም ብዛት አለ ይላሉ። ክፋቱ ዝምታው ነው። ራስ ሳያሳምም፣ እንቅልፍ ሳይነሣ፣ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ለዓመታት ሲጎዳ ይኖራል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳስታወቀው፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑት የዓለም ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ይህ ሕመም አለባቸው፤ ከእነዚህም ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው መታመማቸውን አያውቁም። በሀገራችንም በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከመቶ ሰዎች በ16 ያህሉ ላይ ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

በገበያችን ዘንድ «ደም ብዛት የንዴትና የሐሳብ በሽታ ነው» የሚል እምነት ጸንቶ ይኖራል። ቊጣና ጭንቀት ግፊቱን ለጊዜው ከፍ እንደሚያደርጉት አይካድም። ሆኖም ሁሉን በሐሳብ ማመካኘት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ነጋዴው «የውጭ ምንዛሪው ሲፈቀድ፣ ዕቃው ከጉምሩክ ሲወጣ ይሻለኛል» እያለ ይጠብቃል፤ የንግድ ሐሳብ ግን አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካልና ያ ቀን አይደርስም። ሁለተኛ፣ ሌሎቹ ምክንያቶች ሳይነኩ ይቀራሉ። እነዚህም ጨው ማብዛት፣ የሰውነት ውፍረት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከባንኮኒ ኋላ ተቀምጦ መዋል፣ የአልኮል መጠጥ፣ የዕድሜ መግፋትና ከወላጅ የሚወረስ ዝንባሌ ናቸው። ዕድሜንና ዘርን መለወጥ አይቻልም፤ የቀሩትን ግን ይቻላል።

ጨው በሀገራችን የተከበረ ሸቀጥ ነው። አሞሌው እንደ ገንዘብ ሆኖ ከገበያ ገበያ ሲዘዋወር ኖሯል፤ ቡናም በጨው የሚጠጣበት አገር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት ምክር ግን ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው። በዚህም ልክ ውስጥ በወጡ፣ በዳቦውና በበርበሬው የገባው ጨው ሁሉ ይቈጠራል። በእግር መሄድም በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢደረግ የሚያስገኘው ጥቅም ብዙ ነው።

ስለ ሕክምናው ስናነሣ የዘመናችንን ዕድል ማስተዋል ይገባል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1945 አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በሞቱበት ቀን የተለካው ግፊታቸው 300 በ190 ነበር። የታላቅ መንግሥት ሐኪሞች በዙሪያቸው ሳሉ፣ ግፊቱን በሚገባ የሚያወርድ መድኃኒት ግን አልነበረም። ክሎሮታያዛይድ የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ለፕሬዚዳንቱ ያልተገኘው ነገር ዛሬ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እየተባለ በሐኪም ትእዛዝ ለማንኛውም ባለሱቅ ይሰጣል።

ችግሩ መድኃኒቱን መጀመር ሳይሆን ማቋረጡ ላይ ነው። ሰውየው ግፊቱ መውረዱን ሲያይ «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን የመጋዘን ዘበኛ ሌባ ስላልመጣ አይሰናበትም፤ ሌባው ያልመጣው ዘበኛው ስላለ ነው። መድኃኒቱ ያልተስማማው ሰው ለሐኪሙ ነግሮ ያስለውጥ እንጂ በራሱ ፈቃድ አይተው። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ሽፈራው የመድኃኒቱን ቦታ አይተኩም። ጸበል የሚጠመቅም በእምነቱ ይጽና፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። በጾም ወራት የመዋጫውን ሰዓት ከሐኪም ጋር ተማክሮ ማስተካከል ይቻላል። ለወገብ ሕመም እየተባለ ዘወትር የሚዋጠው ዳይክሎፌናክ ደግሞ ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ያለ ምክር አይወሰድ።

«የግል ጤና ለንግድ ጋዜጣ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በንግድ ቤት ጸሐፊነት የምንሠራ ሰዎች መልሱን እናውቀዋለን። ከንግድ ቤቶቻችን ብዙዎቹ በአንድ ሰው ፊርማ የሚተዳደሩ ናቸው። ያ ሰው አንድ ጠዋት ግማሽ አካሉ ቢዝል ቼኩ ሳይፈረም ይቀራል፤ ዕቃው በሞጆ ደረቅ ወደብ የመጋዘን ኪራይ ይቈጠርበታል፤ በቃል የተሰጠውንም ዱቤ የሚያውቀው አይገኝም። ኩላሊቱ የደከመበት ሰውም እንደ ደንቡ በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ያስፈልገዋል፤ በብዙ ዘመን የተጠራቀመ ካፒታል በዚህ መንገድ ያልቃል። ከሠራተኞች ደመወዝ ጀምሮ እስከ አበዳሪው ድረስ ጉዳቱ የማይነካው የለም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ንግድ ቤት ሒሳቡን በሚዘጋበት ሰሞን ነርስ ጠርቶ ባለቤቱን፣ ሒሳብ ያዡን፣ ሾፌሩንና ዘበኛውን እንዲያስለካ፤ ምክር ቤቱም ከዘርፍ ማኅበራት ጋር ተስማምቶ በየጠቅላላ ጉባኤው መለኪያ እንዲያስቀምጥ አሳባችንን እናቀርባለን። የሚለካው ሰው አስቀድሞ ግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ ይተው፤ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ፤ ክንዱን ገልጦ በልቡ ትክክል ያኑር፤ ቁጥሩንም ከነቀኑ በደብተር ይጻፍ። ከፍ ብሎ የተገኘበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ለዚህ ሁሉ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ደንበኛ ዋጋ ተከራክሮ እስኪገዛ ከምንታገሠው አይበልጥም።