ቁጣ ሲመጣ ማን ይጠየቃል?

እ.ኤ.አ. በ2021 በፓኪስታን ሲያልኮት ከተማ አንድ የስሪላንካ ተወላጅ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ «ሃይማኖት አዋርዷል» ተብሎ በተቆጣ ሕዝብ ተገደለ። በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤት በስድስት ሰዎች ላይ ሞት ፈረደ፤ ቁጣቸው ሰበብ አልሆነላቸውም።

ኢብኑል ቀይዪም ስለ ፍቺ ሲጽፉ ቁጣን በሦስት ከፍለዋል፦ የሚለውን እያወቀ የተቆጣ ይጠየቃል፤ አእምሮው ፈጽሞ የተዘጋበት አይጠየቅም፤ በመካከሉ ያለው ዑለማዎችን አከራክሯል። የኩፍር ቃልንም በዚሁ ሚዛን የሚያዩ አሉ። የጠፋች ግመሉን አግኝቶ በደስታ ብዛት ራሱን ጌታ፣ አላህን ባሪያ ያለውን ሰው ሐዲሱ «ተሳሳተ» አለው እንጂ «ካደ» አላለውም።

ይህን መመዘን የቃዲ ሥራ ነው፤ የጎዳና ሕዝብ ግን ሳይጠይቅ ይፈርዳል። ወገኖቼ፣ በንዴት ክፉ ቃል ያመለጠው ተውበት ያድርግ፤ የሰማውም «ጾመኛ ነኝ» ብሎ እጁን ይሰብስብ።